ከሥራ የተባረረው የሕግ መምህርና ያልተጻፈው አራተኛ ቅጽ፦ ስለ ቴዎዶር ሞምሰን እናውራ

የደሴው_መምህር
ማክሰኞ፣ ማታ 3፡40

ሰላም ለዚህ ቤት። ባለፈው «ታሪክ ተምሮ ምን ይበላል» በሚለው ክር ላይ አንድ ወንድም «ለመሆኑ በታሪክ ኖቤል የተሸለመ ሰው አለ?» ብሎ ጠይቆ፣ ወሬው ወደ ደሞዝ ዞረና ጥያቄው ተንጠልጥሎ ቀረ። አለ። ቴዎዶር ሞምሰን ይባላል፣ ጀርመናዊ የጥንታዊት ሮም ታሪክ ሊቅ። በ1902 የሥነ ጽሑፍ ኖቤል ወሰደ። (ዓመቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው፤ ኋላ እንዳንነታረክ።)

ሽልማቱን ለመግቢያ አነሳሁት እንጂ ያስገረመኝ የሰውዬው የሥራ ሕይወት ነው። እኛ ስለ ትልቅ ምሁር ስናወራ «ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንደኛ እየወጣ» ብለን ነው የምንጀምረው። የሱ መንገድ ሌላ ነው።

በ1817 ሰሜን ጀርመን ውስጥ ጋርዲንግ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ የፕሮቴስታንት ቄስ ነበሩ፤ ገንዘብ የለም። አገሩ ሽሌስቪሽ ያኔ በዴንማርክ ንጉሥ ሥር ነበረች። ኪል ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የተማረው ሕግ ነው፣ ታሪክ አይደለም። በ1843 ዶክተር ሆነ፤ ሥራ ግን ስለሌለ አልቶና ውስጥ የሴት ልጆች ትምህርት ቤት ሲያስተምር ቆየ። ኋላ የዴንማርክ ንጉሥ የጉዞ ድጎማ ሰጠውና ወደ ጣልያን ወረደ። እስከ 1847 ድረስ ከመንደር መንደር እየዞረ፣ በላቲን የተጻፈባቸውን ድንጋዮች ሲገለብጥ ከረመ። ሳን ማሪኖ ላይ ባርቶሎሜኦ ቦርጌዚ የሚባሉ ሽማግሌ ሊቅ አገኘ፤ የድንጋይ ንባብን ጥበብ ያስያዙት እሳቸው ናቸው። የኔፕልስን መንግሥት ድንጋዮች በ1852 ሲያሳትም ለመምህሬ፣ ለደጋፊዬ፣ ለወዳጄ ብሎ ለእሳቸው አበረከተ።

በ1848ቱ አብዮት ጊዜ ጋዜጠኛ ሆነ። በዚያው ዓመት ላይፕዚግ ላይ የሕግ ፕሮፌሰርነት አገኘ። እፎይ ሊባል ሲል፣ በግንቦት 1849 በሳክሶኒ የተነሳውን አመፅ ደገፈ። በ1851 ከሁለት ባልደረቦቹ፣ ከኦቶ ያንና ከሞሪትስ ሃውፕት ጋር ተባረረ። ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ሥራ የለውም። ከዚያ ዙሪክ (1852)፣ ከዚያ ብሬስላው (1854)፣ ከዚያ በ1858 በርሊን፤ መጀመሪያ በሳይንስ አካዳሚው፣ ከ1861 ጀምሮ በዩኒቨርሲቲው። እስኪሞት፣ እስከ 1903፣ እዚያው ነበር።

አሁን ጥያቄዬ። ኖቤል ያሸለመው «የሮም ታሪክ» ከ1854 እስከ 1856 በሦስት ቅጽ ወጣ። ሦስተኛው ቅጽ ሰሜን አፍሪካ ውስጥ በተደረገው የታፕሱስ ጦርነት ላይ ያቆማል፤ ቄሳር አሸንፏል፣ ገና አልተገደለም። ከዚያ በ1885 አምስተኛው ቅጽ ወጣ። አራተኛው የለም። ሰውዬው ከሦስተኛው ቅጽ በኋላ 47 ዓመት ኖሯል! ለምን ሳይጽፈው ቀረ?

———

ቦታ_ያዢው
ማክሰኞ፣ ማታ 3፡52

ቦታ ይዣለሁ። ይሄ ረጅም ይሆናል።

———

ነገረ_ፈጅ
ማክሰኞ፣ ማታ 4፡30

መምህር፣ «የተማረው ሕግ ነው፣ ታሪክ አይደለም» ያልከውን እንደ ጉድለት እንዳታስቆጥርብን ብቻ! ጠበቃ ነኝና ለሙያዬ ልሟገት።

ያኔ በብዙው የጀርመን ክፍል የሮም ሕግ የሞተ ነገር አልነበረም። የጀርመን የፍትሐ ብሔር ሕግ ሥራ ላይ የዋለው በ1900 ነው። ከዚያ በፊት የቢዛንታይኑ ንጉሥ ዩስቲኒያኖስ በስድስተኛው ክፍለ ዘመን ያሰባሰበውን የሮም ሕግ ፍርድ ቤት ይዘው ይቀርቡ ነበር። ስለዚህ ኪል ላይ ሕግ የሚማር ልጅ ጠዋት የሚያነበው የሺህ ሦስት መቶ ዓመት መጽሐፍ፣ ከሰዓት ለአንድ ገበሬ የድንበር ክርክር የሚጠቅም ነው። ሞምሰን ሮምን በዚህ በር ነው የገባባት። ቆንሲል በሮም ለአንድ ዓመት ከሚሾሙት ሁለት የበላይ ሹሞች አንዱ ነው። ሌላው የታሪክ ጸሐፊ «ቆንሲሉ መቼ ዘመተ?» ሲል እሱ የሚጠይቀው «ቆንሲሉ ምን ሥልጣን ነበረው? ባልደረባው እምቢ ቢለውስ? ከሹመት ሲወርድ ማን ይከሰው ነበር?» ብሎ ነው።

ለኔ ዋናው ሥራው «የሮም ታሪክ» ሳይሆን «የሮም መንግሥታዊ ሕግ» ነው፤ ከ1871 እስከ 1888 የወጣ። የዩስቲኒያኖስን ዲጀስት (የሮም የሕግ ሊቃውንት ቃል የተሰበሰበበትን መጽሐፍ) ከጥንት ብራና አስተያይቶ ያሳተመውም እሱ ነው። የሮምን የወንጀል ሕግ በ1899 ሲያወጣ 81 ዓመቱ ነበር። እኛ በ81 ዓመታችን መነጽራችንን የት እንዳስቀመጥን ብናስታውስ ትልቅ ነገር ነው።

ደግሞ ሩቅ እንዳይመስላችሁ። የፍትሐ ነገሥታችን ሥጋዊ ክፍል ከቢዛንታይን ሕግ በዓረብኛ በኩል አልፎ የመጣ ነው፤ የዚያ የቢዛንታይን ሕግ አባት ደግሞ ይኸው ዩስቲኒያኖስ ነው።

———

ተጠራጣሪው
ማክሰኞ፣ ማታ 5፡05

ነገረ ፈጅ፣ የምታደንቀው ነገር እኮ ትልቁ ስህተቱ ነው። ሮም የተጻፈ ሕገ መንግሥት አልነበራትም። ልማድ ነበራት፣ ጉልበት ነበራት፣ ዘመድ አዝማድ ነበራት። እሱ ግን አንቀጽ በአንቀጽ ከፋፍሎ፣ መግቢያና ትርጓሜ ሰጥቶ፣ የፕሮይሰን (በርሊን ዋና ከተማዋ የነበረችው የፕሩሺያ መንግሥት) ሚኒስቴር መመሪያ አስመሰላት። ሲነበብ ሁሉ ነገር ልክክ ይላል። እኔን የሚያስፈራኝ ልክክ ማለቱ ነው። ታሪክ እንዲህ አይገጥምም።

———

ነገረ_ፈጅ
ማክሰኞ፣ ማታ 5፡11

ይህንን ትችት ኋላ የመጡ ሊቃውንትም ብለውታል፣ አልክድህም። ግን ሲነቅፉትም በሱ መጽሐፍ ላይ ቆመው ነው። ነገ ችሎት አለኝ፣ ደህና እደሩ።

———

ከኔካር_ማዶ
ረቡዕ፣ ቀን 7፡20

ሰላም ሰላም። ጀርመን የዶክትሬት ተማሪ ነኝ፤ የጥንት ታሪክ ነው ሙያዬ። መምህር፣ ለጥያቄህ አጭሩ መልስ «ድንጋዩ በላው» ነው። ረጅሙ ይኸውልህ።

ሞምሰን ጣልያን ሲዞር የገባው አንድ ነገር ነበር። የሮም ድንጋዮች ጽሑፍ ለዘመናት በመጽሐፍ ሲገለበጥ ኖሯል፤ አንዱ ከሌላው ይቀዳል፣ ስህተቱም አብሮ ይቀዳል። ይባስ ብሎ የፈጠሩም ነበሩ። ፒሮ ሊጎሪዮ የሚባል የ16ኛው ክፍለ ዘመን አርክቴክት የሌለ ድንጋይ «አየሁ» እያለ ጽፎ ጽፎ ትቷል። በርሊን ያለው አካዳሚ ሁሉንም የላቲን ድንጋዮች በአንድ ላይ ለማሳተም ሲያስብ፣ ሌላ ምሁር ያቀረበው ሐሳብ ከታተሙት መጻሕፍት መሰብሰብ ነበር። ሞምሰን በ1847 ተቃራኒውን ጻፈ፦ ድንጋዩ ካለ፣ ሄዶ በዓይን ማየት ግድ ነው። ከጠፋ፣ መጀመሪያ የገለበጠው ማን እንደሆነና ሰውዬው ይታመን እንደሆነ መመርመር። መምህር ያነሳኸው የ1852ቱ የኔፕልስ መጽሐፍ የዚህ ሐሳብ ናሙና ነበር። ናሙናውን ካዩ በኋላ በ1853 ሥራውን ለሱ ሰጡት። የላቲን ጽሑፎች ኮርፐስ የምንለው ይህ ነው።

የመጀመሪያው ቅጽ በ1863 ወጣ። ሰሜን ጣልያንን፣ ደቡብ ጣልያንን፣ የዳኑብን አገሮችና ምሥራቁን ራሱ ሠራ። የሐሰት የተባሉት ለብቻቸው ተለይተው ቁጥራቸው ላይ ኮከብ ተደርጎባቸዋል፤ እኛ ተማሪዎች «ባለ ኮከቦቹ» እንላቸዋለን፣ ጀግና ይመስላሉ። ዛሬ ኮርፐሱ 17 ቅጽ ደርሶ 180 ሺህ ገደማ ጽሑፍ ይዟል፤ አሁንም በርሊን ውስጥ እየተሠራ ነው። እንግዲህ ይህን ተሸክሞ አራተኛ ቅጽ መቼ ይጽፋል?

———

የደሴው_መምህር
ረቡዕ፣ ቀን 8፡00

እህቴ ተባረኪ። አንድ ነገር ግን ግለጪልኝ። «በዓይን ማየት» ስትዪ፣ ድንጋዩ ጣልያን ተራራ ላይ፣ ሰውዬው በርሊን። እንዴት ነው የሚሆነው?

———

ከኔካር_ማዶ
ረቡዕ፣ ማታ 2፡15

በወረቀት ነው! በመጀመሪያው ዓመቴ ስለተማርነው ልንገርህ፤ ቀላል ይመስላል እንጂ እጅ ይጠይቃል።

ድንጋዩን በውሃና በብሩሽ ታጥበዋለህ። ሙጫ የሌለው ወፍራም ወረቀት ታርሳለህ፤ ላብራቶሪ ውስጥ እንዳለው የማጣሪያ ወረቀት ያለ። ድንጋዩ ላይ ትለጥፈዋለህ። ከዚያ ድፍን ጸጉር ባለው ብሩሽ ትደበድበዋለህ፣ ከመሃል ወደ ዳር፣ አየሩ እንዲወጣ። ቀስ እያለ ወረቀቱ እያንዳንዷ ፊደል ውስጥ ይገባል። እኔ የመጀመሪያውን በኃይል ስመታ ቀደድኩት፤ አስተማሪያችን ምንም ሳትል ሌላ ወረቀት ሰጠችኝ። ሲደርቅ ይላጣል። ጀርባውን ስታዞረው ፊደሎቹ ጎብጠው ወጥተው፣ በመስታወት እንደሚታይ ተገልብጠው ታገኛቸዋለህ። መብራት ከጎን ስታበራበት፣ በድንጋዩ ላይ በፀሐይ ያላየኸው ጭረት ይታያል። ጠቅልለህ በፖስታ ትልከዋለህ፤ መቶ ዓመት ይቆያል። በርሊን ያለው ኮርፐስ እንዲህ ያለ ወረቀት በብዙ ሺህ አከማችቷል፤ አንዳንዱ ድንጋይ ራሱ ጠፍቶ ወረቀቱ ብቻ ነው የቀረው።

———

ጋሽ_ላይፕዚግ
ረቡዕ፣ ማታ 3፡30

ልጆች፣ ጥሩ ወሬ ይዛችኋል። እኔ በደርግ ጊዜ ለትምህርት ላይፕዚግ ከተላክነው አንዱ ነኝ፤ ሙያዬ ሌላ ቢሆንም የሰውዬውን ታሪክ እዚያ ሳለሁ ነው የሰማሁት።

ስለ እሳቱ ማንም አላነሳም። በሐምሌ 1880 ሌሊት፣ ሻርሎተንቡርግ ያለው ቤቱ ተቃጠለ። የግል መጽሐፍ ቤቱ ከነማስታወሻው ሄደ። የባሰው ደግሞ የራሱ ያልሆነው ነው። ያኔ ትልልቅ መጽሐፍ ቤቶች ለታመነ ሊቅ ብራናቸውን ያውሱ ነበር፣ ቤቱ ድረስ። የጎቶችን ታሪክ የጻፈውን የዮርዳኔስን መጽሐፍ ሊያሳትም ሲያዘጋጅ፣ ከሃይደልበርግ የተዋሰው ጥንታዊ ብራና ከእሳቱ ጋር ጠፋ። ዛሬ ያ ብራና ምን ይል እንደነበር የምናውቀው እሱ አስቀድሞ አስተያይቶ ስለጻፈው ነው። ሰውዬው ወረቀት ላድን ብሎ ሲታገል ተለብልቧል። ስድሳ ሁለት ዓመቱ ነበር። የዮርዳኔስን መጽሐፍ ግን በ1882 አወጣው።

እሳት ከሱ ጋር ምን እንደነበረው እንጃ! በ1903 መጀመሪያ፣ 85 ዓመት ሆኖት፣ ሻማ ይዞ መደርደሪያ ላይ መጽሐፍ ሲፈልግ ያ ረጅም ነጭ ጸጉሩ ተያያዘ። በዚያው ዓመት ኅዳር መባቻ ሞተ።

———

ቦታ_ያዢው
ረቡዕ፣ ማታ 3፡41

ጋሼ፣ እኛ ገዳም ውስጥ አባቶች ብራናውን ከእጃቸው ሳያወጡ፣ ገጹን እነሱ ራሳቸው እየገለጡ ለምን እንደሚያሳዩን አሁን ገባኝ።

———

ተጠራጣሪው
ሐሙስ፣ ጠዋት 4፡10

እንደገና እኔ ነኝ፣ ይቅርታ። ይሄ ኮርፐስ የሚባለው ላይ ግን አንድ ነገር ይቆረቁረኛል። ሥራውን የሠሩት ብዙ ሰዎች ናቸው። ሄንሰን ሮም ላይ፣ ሂዩብነር ስፔን ላይ፣ ሳንገማይስተር የፖምፔይ ግድግዳ ላይ። ስም የቀረው የሞምሰን ነው። እሱ ራሱ በ1890 አካዳሚው ውስጥ የሥነ መለኮቱን ሊቅ ሃርናክን ሲቀበል «ታላቅ ሳይንስ» የሚል ቃል አመጣ፤ እንደ ታላቅ መንግሥትና እንደ ታላቅ ኢንዱስትሪ ሁሉ፣ አንድ ሰው የማይሠራው ግን አንድ ሰው የሚመራው ማለቱ ነው። በጀርመንኛ በአንዲት ፊደል የምትለይ የቃላት ጨዋታ አለበት። ጨዋታው ያምራል፤ ግን «የሚመራው አንዱ» ማን እንደሆነ ሲናገር ያውቀዋል።

———

ከኔካር_ማዶ
ሐሙስ፣ ቀን 6፡50

ተጠራጣሪው፣ ይህን ያነሳኸው ደስ ብሎኛል፤ ምክንያቱም እኔም ከእነዚያ ስም ከማይቀርላቸው አንዷ ነኝና።

ሁለት ነገር ልበልህ። አንደኛ፣ ቅጾቹ ላይ የሠራው ሰው ስም አለ። ሰሜን አፍሪካን የያዘው ስምንተኛው ቅጽ የጉስታፍ ቪልማንስ ስም አለበት። ቪልማንስ አፍሪካ ሄዶ ድንጋዩን ሰበሰበ፣ በ1878 ገና ወጣት ሳለ ሞተ። የጀመረውን ሞምሰን አስጨርሶ በ1881 በሟቹ ስም አወጣው። ሁለተኛ፣ ልክ ነህ፣ ሰው ያሠራ ነበር፤ ያውም በጣም። ራሱ ማለዳ ተነስቶ የሚሠራ ሰው ሌላውም እንደሱ ይመስለዋል።

ዛሬ እዚህ አገር ዶክትሬት ይዘህ አታበቃም። ሀቢሊታሲዮን የሚባል ሁለተኛ ትልቅ መጽሐፍ ትጽፋለህ፤ እሱን ጨርሰህም ቦታ ካልተከፈተ ተቀምጠህ ትጠብቃለህ። በጊዜያዊ ውል የምትቀጠርበት ጊዜ ደግሞ በሕግ የተወሰነ ነው፦ በመሠረቱ ከዶክትሬት በፊት ስድስት፣ ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት። ሞምሰን በ33 ዓመቱ ከተባረረ በኋላ በሰባት ዓመት ውስጥ ሦስት ከተማ ቀይሯል። ጓደኞቼ ውስጥ አራት የቀየረች አለች፣ ያውም ማንም ሳያባርራት።

———

ነገረ_ፈጅ
ሐሙስ፣ ማታ 2፡00

ከችሎት ተመለስኩ (ቀጠሮ ሰጡን)።

ስለ አጻጻፉ ትንሽ ልጨምር፤ ኖቤሉ የሥነ ጽሑፍ መሆኑ ተረስቷል። «የሮም ታሪክ»ን የጻፈው እንዴት መሰላችሁ? ላይፕዚግ ላይ መሬት ለድሃው ይከፋፈል ብለው ስለተገደሉት የሮም ፖለቲከኞች፣ ስለ ግራኩስ ወንድማማቾች፣ ለሕዝብ ንግግር አደረገ፤ አሳታሚዎቹ ራይመርና ሂርትሰል ሰምተውት «ጻፍልን» አሉት። ኋላ የራይመርን ልጅ ማሪን አገባ፤ 16 ልጆች ወለዱ። (መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው ከአሳታሚ ጋር መዛመዱ ብልህነት ነው።)

መጽሐፉ ውስጥ ቆንሲሉን «ከንቲባ» ይለዋል። ለወዳጁ ሲጽፍ፣ የጥንቱን ሰው ከተሰቀለበት ማማ አውርጄ አንባቢው ወደሚኖርበት ዓለም ላመጣው ብዬ ነው አለ። እኛ አገር አንዱ ተነስቶ ደጃዝማቹን «የክልል ፕሬዚዳንት» እያለ ታሪክ ቢጽፍ አስቡት! ገሚሱ ይስቃል፣ ገሚሱ ይሰድበዋል፤ ሁሉም ግን ያነበዋል። እንደዚያው ነው የሆነው። ቄሳርን አምልኮታል፤ የሮሙን ተናጋሪ ኪኬሮንማ (ሲሴሮን) አፈር አብልቶታል፣ በመጥፎው ትርጉሙ ጋዜጠኛ ነው ብሎ። ራሱ ጋዜጠኛ የነበረ ሰው!

የተባረረበትን ጊዜ አስቡ። አብዮቱ ከሽፏል፣ ጀርመን አንድ አልሆነችም፣ እሱ ስደት ላይ ነው። ያ መጽሐፍ የተናደደ ሰው መጽሐፍ ነው። ለዚህ ይመስለኛል አራተኛው ያልመጣው፤ በርሊን ተደላድሎ ከተቀመጠ በኋላ ያ ንዴት ከየት ይምጣ?

———

ጋሽ_ላይፕዚግ
ሐሙስ፣ ማታ 3፡15

ነገረ ፈጅ ልጄ፣ ንዴቱስ አልበረደም። ፖለቲካው ውስጥ ገብቶበት ነበር። በፕሮይሰን ምክር ቤት ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ ከ1881 እስከ 1884 በመላው ጀርመን ምክር ቤት፣ በራይሽስታግ፣ ተቀምጧል። የአገሩን መሪ ቢስማርክን በምርጫ ንግግር ወረፈው፤ ቢስማርክ ስሜ ጠፋ ብሎ ከሰሰው፣ ሰውዬው በ1882 ነጻ ወጣ።

ከዚያ በፊት ደግሞ ትራይችኬ አለ። እሱም በርሊን የታሪክ ፕሮፌሰር ነው፣ ባልደረባው። በ1879 በአይሁድ ላይ የሚያነሳሳ ጽሑፍ ጻፈ። ሞምሰን በ1880 በአደባባይ መለሰለት። አንድ ፕሮፌሰር ሌላውን ፕሮፌሰር፣ ያውም ኮሪደር ላይ የሚያገኘውን፣ በታተመ ጽሑፍ ሲቃወም ቀላል አይደለም።

በ1899 በጻፈው ኑዛዜ ላይ ግን ምሬት አለ። ዜጋ መሆን ፈልጌ ነበር፣ በዚህ ሕዝብ ውስጥ ግን አልተቻለም የሚል መንፈስ ያለው ነው። የታተመው በ1948 ነው፣ ሁሉም ነገር ከሆነ በኋላ።

———

ተጠራጣሪው
ሐሙስ፣ ማታ 3፡40

ጋሼ፣ በአክብሮት፣ ሙሉውን እንናገር። በዚያው የ1880 መልሱ ላይ አይሁዶቹም የተለየ ማኅበራቸውን ትተው ከጀርመኑ ጋር እንዲቀልጡ ይመክራል። በ1897 ደግሞ ለቪየና ጋዜጣ በጻፈው ደብዳቤ ስለ ቼኮች፣ ራስ ቅላቸው ምክንያት አይገባውም፣ ዱላ ግን ይገባዋል ብሏል። 80 ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ሊቅ! ጀግና ስናደርገው ይህንንም አብረን እንያዘው።

———

ጋሽ_ላይፕዚግ
ሐሙስ፣ ማታ 3፡58

እውነትህን ነው፤ የቼኮቹን አላውቅም ነበር። አሳፋሪ ነው።

———

አወያይ
ሐሙስ፣ ማታ 4፡05

ሁለት አስተያየት አጥፍቻለሁ፤ ስለ አሁኑ የጀርመን ምርጫ ነበሩ። ያ የራሱ ክር አለው።

———

የደሴው_መምህር
ዓርብ፣ ማታ 1፡30

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ነገረ ፈጅ «ንዴቱ በረደ» ይላል፣ ከኔካር ማዶ «ድንጋዩ በላው» ትላለች። እኔ ሁለቱም ያሳምኑኛል። ግን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከቄሳር በኋላ ስለመጣው የሮም ነገሥታት ዘመን፣ አራተኛው ቅጽ ሊይዘው ስለሚገባው፣ አላስተማረም እንዴ? ያስተማረውን ቢጽፈው እኮ አራተኛ ቅጽ ይሆን ነበር።

———

ከኔካር_ማዶ
ዓርብ፣ ማታ 2፡45

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ፊልም ይመስላል። አስተምሯል! ዛባስትያን ሄንዝል የሚባል ሰው ነበር፤ የሙዚቃ ደራሲዋ የፋኒ ሜንደልስዞን ልጅ። ተማሪ አይደለም፣ ሃምሳ ዓመት ያለፈው የሥራ ሰው ነው። በ1880ዎቹ እየመጣ ከወጣቶቹ ጋር ቁጭ ብሎ የሞምሰንን ትምህርት በደብተር ይጽፍ ነበር፣ ልጁም ፓውል እንዲሁ። ደብተሮቹ መቶ ዓመት ገደማ ጠፍተው ኖሩ። በ1980 የበርሊኑ የታሪክ ሊቅ አሌክሳንደር ዴማንት ኑረምበርግ ውስጥ አንድ አሮጌ መጻሕፍት መሸጫ ቤት አገኛቸው፤ በ1992 ታተሙ። ስለዚህ አራተኛ ቅጽ ባይኖርም የአድማጩ ደብተር አለ።

ሳነበው የተሰማኝን ልንገርህ። አሰልቺ ነው። ያ በሦስቱ ቅጽ ውስጥ የሚያንበለብለው ሰውዬ የለም። የነገሥታቱ ምንጭ የቤተ መንግሥት ሐሜት ነው፤ ማን ማንን መረዘ፣ ማን ከማን ጋር ተኛ። እሱ ደግሞ ለሐሜት ጆሮ አልነበረውም። በ1885 ባወጣው አምስተኛ ቅጽ ነገሥታቱን ዘሏቸው የግዛቶቹን ኑሮ ነው የጻፈው፣ በድንጋዩ ጽሑፍ ላይ ተመሥርቶ። መግቢያው ላይ ይህ መጽሐፍ ብዙ ነገር በመተው የተጻፈ ነው፣ አንባቢም በመተው ያንብበው ይላል። እኔ የሱ መልስ ይህ ይመስለኛል።

አምስተኛው ቅጽ ውስጥ ደግሞ እኛም አለን። ስለ ግብፅ በሚያወራው ምዕራፍ አክሱምና አዱሊስ ይነሳሉ። በዚያን ጊዜ የግዕዙ ሊቅ አውጉስት ዲልማን፣ በ1865 ትልቁን የግዕዝ መዝገበ ቃላት ያወጣው፣ እዚያው በርሊን ያስተምር ነበር፤ የአክሱምን መንግሥት አጀማመር የሚመረምር ጽሑፉንም ያቀረበው ሞምሰን ጸሐፊ ለነበረበት አካዳሚ ነው። በ1906 ኤኖ ሊትማን የሚመራው የጀርመን ቡድን አክሱም ሲደርስ ከያዘው ዕቃ ውስጥ ያው ወረቀትና ብሩሽ ነበረበት። የነዒዛና ድንጋይ የተነበበው በዚህ መንገድ ነው። የኛው ኮርፐስ የሚባለው፣ በርናንድ፣ ድሬቬስና ሽናይደር ያዘጋጁት፣ በ1991 ፓሪስ ላይ ወጣ።

———

ቦታ_ያዢው
ዓርብ፣ ማታ 2፡50

እኔ ቡና ላፈላ ብዬ ገብቼ ዶክትሬት ልይዝ ነው።

———

የደሴው_መምህር
እሑድ፣ ቀን 9፡10

አንድ ነገር ሞክሬ መጣሁ፤ እንዳትስቁብኝ።

ትምህርት ቤታችን በር አጠገብ የመሠረት ድንጋይ አለ። በየዓመቱ በዓል ሲመጣ ግድግዳው ሲቀባ እሱም አብሮ ይቀባል፤ ፊደሉ በቀለም ተደፍኖ ማንም አያነበውም። ትናንት ቅዳሜ ከሦስት ተማሪዎች ጋር ሄድኩ። የማጣሪያ ወረቀት ከኬሚስትሪ ላብራቶሪ ለመንኩ፤ ትንንሽ ክብ ነው፣ ስለዚህ እንደ ጣራ ክዳን እያደራረብን ለጠፍነው። ብሩሹ የጫማ ብሩሽ ነው፣ አዲስ ገዝተን። አንዷ ተማሪ ከኔ በተሻለ ትመታለች፣ «ቀስ፣ መምህር፣ ቀስ» እያለች። ግማሹ ተቀደደ። የቀረውን ፀሐይ ላይ አድርቀን ላጥነውና ጀርባውን አዞርን።

የንጉሡ ስም ወጣ። ከታች ቀኑ ወጣ። በየዓመቱ ባነር ላይ «የተመሠረተበት 1944 ዓ.ም.» ተብሎ ነው የሚጻፈው (ይሄኛው በኛ ነው)። ወረቀቱ ላይ ያለው የመጨረሻ ቁጥር ግን ፬ አይደለም። ፯ ነው። ልጆቹ በስልክ መብራት ከጎን አብርተው አሥር ጊዜ አዩት። ፯ ነው።

———

ተጠራጣሪው
ቀን 9፡18

ድንጋዩን እንጂ ወረቀቱን አትመን። ቀለሙን ፋቅ አድርጋችሁ ፬ እና ፯ን ለዩ፤ የቀለም ጠብታ እግር ሊመስል ይችላል። (ግን ወረቀቱን አስቀምጠው።)

———

ከኔካር_ማዶ
ቀን 9፡25

ቀለሙን እንዳትፍቀው! ድንጋዩን ትቧጭረዋለህ። መጀመሪያ በሌላ ሰዓት፣ ፀሐይ ከጎን ስትመጣ ፎቶ አንሳው። የወረቀቱንም ፎቶ ለጥፍልን።

———

ነገረ_ፈጅ
ቀን 9፡40

ርእሰ መምህሩ ሰምተዋል?

———

የደሴው_መምህር
ቀን 9፡44

አልነገርኳቸውም። የዘንድሮው ባነር ታትሟል።